ቲማቲምና ቃሪያን ከኩባያ ወደ ጄሪካን ማዛወር

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ነው። ከቤቴ ፊት ትንሽ ቦታ አለችኝ። ጥር ላይ ቲማቲምና ቃሪያ በእርጎ ኩባያ ዘርቼ ጥሩ በቀሉልኝ። የዛሬ ሁለት ሳምንት ከሁለቱም የተወሰኑትን በቀጥታ ወደ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አዛወርኳቸው። ከታች ጠጠር አነጠፍኩ፣ ከላይ የግቢውን አፈር ሞላሁ። እንዳይደርቁ ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። ግን ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፣ ጠወለጉ፣ ማደግም አቆሙ። ኩባያ ውስጥ የቀሩት ደግሞ ሥራቸው በታች በኩል በቀዳዳው ወጥቷል። ጎረቤቴ ዩሪያ ጨምሪበት ትለኛለች። የታመሙትን እንዴት ላድናቸው? የቀሩትንስ መቼና እንዴት ላዛውር?»

እህቴ፣ ዩሪያውን ለጊዜው ተዪው። ችግኞችሽ የጎደላቸው አየር ነው።

ሥር ይተነፍሳል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉ ትናንሽ ክፍተቶች ግማሹ ውኃ፣ ግማሹ አየር ሲይዙ ሥር ይመቸዋል። ክፍተቱ ሁሉ በውኃ ሲሞላ ሥሩ ይታፈናል። የታፈነ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ያቆማል። ስለዚህ አፈሩ ረጥቦ እያለ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ ሲያየው የተጠማ ይመስለዋል፣ ሌላ ጣሳ ውኃ ይጨምርበታል። ችግኙም ይብስበታል። በከተማችን ዳር ዳር በጓሮና በበረንዳ አትክልት የሚሞክሩ ሰዎች ከሚልኩልኝ ፎቶ አብዛኛው ይህንኑ ያሳያል። ከድርቅ ይልቅ በውኃ ብዛት የሚሞት ችግኝ ይበዛል።

አንቺ ጋ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። የዕቃው ትልቀት፣ አፈሩ፣ ጠጠሩ። አንድ በአንድ እንያቸው፤ ምክንያቱን ካወቅሽ የሌላ ሰው ምክር ሳያስፈልግሽ ራስሽ መወሰን ትችያለሽ።

ከዕቃው እንጀምር። የእርጎ ኩባያ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። የአምስት ሳምንት ቲማቲም በዚያ አፈር ውስጥ ያለውን ውኃ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ጠጥቶ ይጨርሰዋል። ኩባያው ሲደርቅ አየር ይገባል፣ እንደገና ታጠጪዋለሽ። ሥሩ በዚህ መፈራረቅ ይጠነክራል። ያንኑ ችግኝ 20 ሊትር አፈር መሃል ስታስቀምጪው ሥሩ የሚደርሰው መሃል ላይ ያለችው ጭብጥ አፈር ጋ ብቻ ነው። በዙሪያው ያለውን ውኃ የሚጠጣ የለም። አፈሩ ለሳምንትና ከዚያ በላይ እንደ ረጠበ ይቆያል። በዚያ ላይ ጠዋት ማታ ሲጨመርበት በጭራሽ አይደርቅም። ሰው ትልቅ ዕቃ ለችግኝ ትልቅ ውለታ ይመስለዋል። የዕቃውን ልክ የሚወስነው ግን ሥሩ ዛሬ የደረሰበት ቦታ ነው፤ ተክሉ ወደፊት የሚሆነውን ማየት የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ስለዚህ በመሃል አንድ ማረፊያ ያስፈልጋል። ከኩባያ ወደ አንድ ወይም ሁለት ሊትር፣ ከዚያ ወደ ጄሪካኑ።

አፈሩ ደግሞ የባሰ ነው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አቃቂ፣ ወደ ገላን የሚወስደው ሜዳ ሁሉ ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ሲረጥብ ያብጥና ይዘጋል። ጤፍና ሽምብራ የሚወደው ለም አፈር ነው፣ አልንቀውም። ሜዳ ላይ ጥልቀት አለው፣ ስንጥቁም አየር ያስገባለታል። ዕቃ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከጥቂት ማጠጣት በኋላ ይጣበቃል፣ ውኃው ላዩ ላይ ይቋጥራል፣ ከዕቃው ግድግዳ ጋር በተላቀቀበት በኩል ብቻ ሹልክ ብሎ ይወርዳል። ከታች ውኃ ሲወጣ ስታዪ ሁሉም የጠጣ ይመስልሻል፤ መሃሉ ግን ወይ ጭቃ ነው ወይ ደረቅ ጓል ነው።

ጠጠሩን በተመለከተ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። አያቶቻችንም፣ የአበባ ሻጮችም ከታች ጠጠር ማድረግ ለማፍሰስ ይረዳል ይላሉ። አይረዳም። ውኃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር በቀላሉ አያልፍም። በላዩ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ በአግድም ያዢው። መንጠባጠቡን ሲያቆም አቁሚው። እንደገና ውኃ ይፈሳል። ስፖንጁ ያው ነው፣ ቁመቱ ግን ሲጨምር ከታች የሚቀረው እርጥብ ክፍል ድርሻ ያንሳል። ዕቃም እንዲሁ ነው። ረጅም የአፈር ቁመት ራሱ ውኃውን ወደ ታች ይጎትተዋል። አምስት ሳንቲ ሜትር ጠጠር ካነጠፍሽ ግን የአፈሩን ቁመት አሳጥረሽ፣ ያን ረግረግ ክፍል ወደ ሥሩ አቅርበሽዋል ማለት ነው። የሚያስፈልገው በቂ ቀዳዳ ብቻ ነው። አፈሩ እንዳይወጣ ቀዳዳው ላይ የአሮጌ አጎበር ቁራጭ ይበቃል።

አሁን ወደ ታመሙት እንሂድ። ዛሬውኑ ውኃ ማጠጣት አቁሚ። ነገ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ከነአፈራቸው በማንኪያ ወይም በእጅሽ ከሥር ቆፍረሽ አውጫቸው። ሥራቸውን እዪ። ነጭና ጠንካራ ሥር ካየሽ ተስፋ አለው። ቡናማ፣ ልስልስ ያለ፣ በጣት ሲጎትቱት ልጡ የሚወልቅና የሚሸት ከሆነ በስብሷል። የበሰበሰውን ክፍል በንጹሕ መቀስ ቁረጪው። ግንዱ ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠቁሮ ከቀጠነ ግን አትድከሚበት፤ ያ ችግኝ አይመለስም። ጣዪው፣ የነበረበትንም አፈር ለሌላ ችግኝ አትጠቀሚበት። መቀሱንም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድሽ በፊት በአልኮል ጥረጊው።

የተረፉትን ወደ ትንሽ ዕቃ መልሻቸው። አዎ፣ ወደ ኋላ መመለስ ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይበቃቸዋል። በአዲስ ቀላል አፈር (አዘገጃጀቱን ከታች እነግርሻለሁ) ተክለሽ አንዴ አጠጪያቸውና ጥላ ሥር አስቀምጫቸው። ከዚያ ጣትሽን እስከ መጀመሪያው አንጓ አስገብተሽ ደረቅ እስኪሆን ድረስ አትንኪያቸው። ቢጫ የሆነው የታችኛው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ እሱን አትጠብቂ። የምትጠብቂው ከጫፉ የሚወጣውን አዲስ ቅጠል ነው። እሱ አረንጓዴ ሆኖ ከመጣ ሥሩ ሥራ ጀምሯል። ቲማቲሙ ቶሎ ያገግማል። ቃሪያው ይዘገያል፣ ተስፋ አትቁረጪበት።

ኩባያ ውስጥ የቀሩት ላይ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው፤ እንዲያውም ትንሽ አልፏል። ችግኝ ሲበቅል መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለት ለስላሳ ቅጠሎች ከዘሩ ውስጥ ይዟቸው የመጣቸው ናቸው። ከእነሱ ቀጥለው የሚመጡት የተክሉን እውነተኛ ቅርጽ የያዙት ናቸው። እነዚህ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ የመጀመሪያው ዝውውር ይደርሳል። ግን ቅጠል ቆጥሮ ብቻ መወሰን አይበቃም። ኩባያውን ገልብጠሽ ችግኙን ከነአፈሩ በቀስታ አውጪው። ሥሩ አፈሩን ይዞት፣ ሳይፈርስ ከወጣና ነጭ ሥር በዳር በዳር ከታየ፣ ያ ትክክለኛው ቀን ነው። አፈሩ ከፈረሰ ገና ነው፤ መልሰሽ ለሳምንት ያህል አቆዪው። ሥሩ ከታች ክብ ሠርቶ ከተጠማዘዘ ዘግይቷል።

የተጠማዘዘ ሥር ዝም ተብሎ አይተከልም። አዲሱ ዕቃ ውስጥም መዞሩን ይቀጥላል፣ ወደ ውጭ አይዘረጋም። ከታች ያለውን ጥምጣም በጣትሽ ፍቺው። ካልተፈታ ከታች ትንሽ ቁረጪው። በጎንም በቢላ ጫፍ ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ላይ ጫሪው። ሰው ይህን ሲያይ ይሳቀቃል። ሥር ግን ሲቆረጥ ከኋላው ቅርንጫፍ ያወጣል። በቀዳዳው የወጣውን ሥር ለማትረፍ ብለሽ ችግኙን ወደ ላይ አትጎትቺው፤ ኩባያውን በመቀስ ቀደሽ አውጪው። የእርጎ ኩባያ ርካሽ ነው።

ስለ አፈሩ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሥራ እዚህ ላይ ነው። የግቢሽን ጥቁር አፈር ሙሉ በሙሉ አትጣዪው። ንጥረ ነገር ይይዛል። ከጠቅላላው አንድ አራተኛ ቢሆን ይበቃል። ግማሹ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ወይም የከረመ ፍግ ይሁን። የቀረው አንድ አራተኛ ሸካራ ነገር ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ አሸዋ ይጨምራሉ። ለቀይ አፈር ያስኬዳል። ጥቁር አፈር ላይ ጥቂት ደቃቅ አሸዋ ጨምረሽ ስታደርቂው ግን ጡብ ይወጣዋል፤ አሸዋው በጭቃው ተውጦ ይቀራል።

ለእኛ አካባቢ ከአሸዋ የሚሻል ነገር በእጃችን አለ፤ ቀይ አሽ። ለመንገድና ለቤት መሠረት ሙሌት የሚደፋው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ አየርም ውኃም ይይዛል። አይበሰብስም፣ አይጣበቅም። አንዳንድ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ የሚያሳድጉት በእሱ ላይ ነው። አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ ግንባታ ስለማይጠፋ ከሠራተኞቹ ጠይቀሽ አንድ ባልዲ ማግኘት አያቅትሽም። በወንፊት ንፊው። ዱቄቱን ጣዪ፣ ከሽምብራ እስከ ባቄላ የሚያክለውን አስቀሪ። በውኃ እጠቢውና ቀላቅዪው።

ፍግ ስትገዢ ተጠንቀቂ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ የወተት ላም የሚያረባ ሰው ብዙ ነው፤ ፍግ በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይገኛል። ትኩስ ከሆነ ግን የችግኝ ሥር ያቃጥላል። አሞኒያ ያወጣል፣ ጨዉም ይበዛል። የዶሮ ፍግ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ኃይለኛ ነው። መሸተት ካቆመ፣ እጅ ሲገባበት ሙቀት ከሌለው፣ እበት መሆኑ እስከማይታወቅ ከፈረሰ በኋላ ተጠቀሚበት። ቢያንስ ሦስት ወር የተቆለለና አንድ ሁለቴ የተገላበጠ ይሁን። ሻጩ «ከርሟል» ቢልሽም አፍንጫሽን እመኚ።

ድብልቁን እንዲህ ፈትኚው። አርጥበሽ በእጅሽ ጨብጪው። እጅሽን ስትከፍቺ ኳስ ሆኖ ይቆይ፣ በጣት ስትነኪው ግን ይፈርስ። ካልፈረሰ ቀይ አሽና ኮምፖስት ጨምሪ። ከዚያ አንድ ዕቃ ሞልተሽ ውኃ አፍሺበት። አፈሩ አንዴ ከራሰ በኋላ የሚጨመረው ውኃ ላዩ ላይ ሳይቋጥር ሰርጎ፣ በደቂቃ ውስጥ ከታች መውጣት አለበት። ይህን ፈተና ያላለፈ አፈር ውስጥ ችግኝ አትትከዪ።

አመድ ስለመጨመር ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ አንቺም ይመጣብሽ ይሆናል። እንጦጦ ሥርና ቡራዩ አካባቢ ያለው ቀይ አፈር ወደ አሲዳማነት ስለሚያደላ ጥቂት አመድ ይረዳዋል። የእናንተ ጥቁር አፈር ግን አሲዳማ አይደለም። አትጨምሪ።

የዝውውሩ ዕለት ብዙ ግርግር አያስፈልገውም። ሁለት ሦስት ሰዓት ቀደም ብለሽ ኩባያዎቹን አጠጪ። የረጠበ አፈር ሥሩን ይዞ ይወጣል፣ ደረቅ አፈር ይፈርስና ሥሩን ይበጥሰዋል። ጊዜው ደመናማ ከሆነ መልካም። ካልሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሁን። የካቲትና መጋቢት ላይ ፀሐዩም ንፋሱም ኃይለኛ ስለሆነ ረፋድ ላይ የተከልሽው እስከ ምሽት ይንገላታል። ችግኙን በግንዱ አትያዢው። በቅጠሉ ያዢው ወይም አፈሩን ከሥር ደግፊው። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ይወጣል። ግንድ ከተቀጠቀጠ ሌላ የለውም።

እዚህ ላይ ቲማቲምና ቃሪያ ይለያያሉ፤ ልዩነቱን አጥብቀሽ ያዢው። የቲማቲም ግንድ አፈር ውስጥ ሲገባ ከጎኑ አዲስ ሥር ያወጣል። ስለዚህ ዝቅ አድርጊው። የታችኞቹን ቅጠሎች ቀንጥሰሽ፣ ግንዱን እስከ ላይኞቹ ቅጠሎች ድረስ ቅበሪው። ረዝሞ የቀጠነ ችግኝ ካለሽ ችግሩ በዚሁ ይፈታል። ዕቃው ጥልቀት ከሌለው ችግኙን በጋደም አስተኝተሽ ጫፉን ብቻ ቀና ማድረግም ይቻላል፤ በሁለት ቀን ራሱ ይቃናል። ቃሪያ ግን እንዲህ በቀላሉ ከግንዱ ሥር አያወጣም። ኩባያው ውስጥ በነበረበት ልክ ተክዪው። ዝቅ ካልሽበት፣ በተለይ ከባድ አፈር ውስጥ፣ ግንዱ ይበሰብሳል።

አፈሩን በቡጢ አትጠቅጥቂ። ዙሪያውን ሞልተሽ ዕቃውን አንድ ሁለቴ ከመሬት ጋር ቀስ አድርገሽ ምቺው፤ የቀረውን ውኃው ያስተካክለዋል። ከላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተዪ፤ ውኃ ስታፈሺ እንዳይገነፍል። ከዚያ ከታች እስኪወጣ ድረስ አንዴ በደንብ አጠጪ።

ለመካከለኛው ደረጃ ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጠሽ መጠቀም ትችያለሽ። ከታች በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሺው። ብርሃን የሚያስገባ ስለሆነ ግን ዙሪያውን በጥቁር ፌስታል ወይም በወረቀት ሸፍኚው። ሥር ብርሃን አይወድም፣ ግድግዳውም አረንጓዴ ያወጣል። እዚህ ዕቃ ውስጥ ቲማቲሙ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ቃሪያው ዝግተኛ ነው፣ አራትም አምስትም ሊፈጅ ይችላል። እንደገና ሥሩን አውጥተሽ እዪና ወስኚ።

ወደ መጨረሻው ዕቃ ሲደርስ ለአንድ ቲማቲም ባለ 20 ሊትር ጄሪካንሽ ትክክል ነው። ለቃሪያ አሥር አሥራ ሁለት ሊትር ይበቃዋል። ሁለት ቲማቲም በአንድ ጄሪካን አትትከዪ፤ ሁለቱም ይቀጭጫሉ። ጄሪካኑ የምግብ ዘይት ወይም የውኃ የነበረ ይሁን። በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቢው። ፀረ ተባይ፣ አረም ማጥፊያ፣ የመኪና ዘይት ወይም ምንነቱ የማይታወቅ ኬሚካል የነበረበትን፣ የፈለገውን ያህል ቢታጠብ፣ ለሚበላ ነገር አትጠቀሚ። ቀዳዳውን ከታች ብቻ ሳይሆን ከታች ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጎኑም ብሺው፤ ስሚንቶ ላይ ሲቀመጥ የታችኛው ሊደፈን ይችላል። ከተቻለ ሁለት ጡብ ላይ አቁሚው። አንቺ ምድር ላይ ነሽና አያሳስብሽም እንጂ፣ ፎቅ ላይ ያላችሁ በረንዳችሁን አስቡ። የረጠበ ባለ 20 ሊትር ዕቃ 25 ኪሎ ገደማ ሊመዝን ይችላል፤ አሥሩ ሲደረደር ቀላል ጭነት አይደለም።

ቲማቲሙ ወደ ጄሪካኑ በገባበት ቀን ድጋፉንም አብረሽ ትከዪ። ቀጭን የባሕር ዛፍ እንጨት ይበቃል። በኋላ አምጥተሽ ስትወጊው ሥሩን ትወጊዋለሽ።

ከዝውውር በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናት ከባድ ናቸው። ውኃ የሚስቡት ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን ሥሮች በትንሽ ንክኪ ይበጠሳሉ። ቅጠሉ ግን ውኃ ማውጣቱን አያቆምም። ሥሩ እስኪጠገን ድረስ ቅጠሉን ከፀሐይና ከንፋስ ጠብቂው። ለሦስት አራት ቀን ጥላ ሥር አቆዪ። ከዚያ የጠዋት ፀሐይ እስከ 4 ሰዓት ድረስ ይምታው፣ በየቀኑ ጨምሪበት። በሳምንት በአሥር ቀን ሙሉ ፀሐይ ይለምዳል። እኛ የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ቢመስልም የቀትር ፀሐይዋ ቅጠል ታቃጥላለች። ሳይለማመድ የወጣ ችግኝ ቅጠሉ ላይ ነጭ፣ ወረቀት የመሰለ ምልክት ይወጣበታል። ጥላ መረብ ከሌለሽ የተተረተረ ጆንያ ይሠራል። ለዘላለም ጥላ ውስጥ ግን አትተዪው፤ ፍሬ እንዲይዝ በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል።

የማጠጫ ሰዓት የሚባለውን ልማድ እርሺው። «ጠዋት ማታ» የሚለው ሕግ ለዕቃ አትክልት አይሠራም። ዕቃውን አንሺው። ሲከብድ ተዪው፣ ሲቀል አጠጪው። ትልቁን ማንሳት ካልቻልሽ ጣትሽን አስገቢ። ስታጠጪ ግን ከታች እስኪወጣ አጠጪ፤ ላዩን ብቻ ማራስ ሥሩን ላይ ያስቀረዋል። በእናንተ ሰፈር ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ። በርሜል ሞልተሽ አስቀምጪ። ሩዝና አትክልት ያጠብሽበት ውኃ ጥሩ ነው። ሳሙናና ጨው ያለበትን የዕቃ አጣቢ ግን አታፍሺ። የአቃቂ ወንዝን ውኃም ለሚበላ ነገር አደራ አትንኪው። ከከተማው የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ሁሉ የሚወርድበት ወንዝ ነው።

አሁን ስለ ዩሪያው። ጎረቤትሽ ቢጫ ቅጠል አይታ ናይትሮጅን ጎደለው ማለቷ ከንቱ ነገር አይደለም፤ የናይትሮጅን እጥረትም የታችኛውን ቅጠል ቢጫ ያደርገዋል። ግን የታፈነ ሥር ማዳበሪያ ቢሰጡትም አይበላም። የተጎዳ ሥር ላይ ዩሪያ ሲደፋበት ጨዉ ያቃጥለዋል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፣ ለትንሽ ዕቃ ኃይለኛ ነው። ግማሹ ኮምፖስት የሆነ አፈር ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምንም አያስፈልግም። ከዚያ በኋላ አዲሱ ቅጠል ሁሉ ገርጥቶ ከመጣ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውኃ አሟሚና በረጠበ አፈር ላይ አጠጪ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። አበባ ሲጀምር አቁሚው። ናይትሮጅን የበዛበት ቲማቲም ቅጠሉ ያምርና ፍሬው ይጠፋል።

አንድ ሌላ ምልክት ልንገርሽ። የቲማቲም ችግኝ ቅጠሉ በታች በኩል ወደ ሐምራዊ ቢያደላ አትደንግጪ። ሌሊቱ ሲበርድ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል፤ አየሩ ሲሞቅ በራሱ ይስተካከላል። ዕቃውን ማታ ማታ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ወደዋለ ግድግዳ አስጠጊው። ግንቡ የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል።

ይህን መልስ የሚያነቡ የሌላ ሰፈር ሰዎች ሁሉንም እንዳለ አይውሰዱት። አቃቂ አካባቢ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። ሱሉልታ ከ2,500 ይበልጣል። ልዩነቱ ለቲማቲም ትልቅ ነው። ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቲማቲምና ቃሪያ እድገታቸው ይቆማል፣ አበባቸውም ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። ሱሉልታና ሰንዳፋ ያላችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስላለባችሁ በዚያ ወቅት ችግኝ አታዛውሩ። ዕቃው ትንሽ ከሆነ ማታ ወደ ቤት አስገቡት፤ ዕቃ ላይ መትከል ከመሬት የሚበልጠው በዚህ ነው። ቀይ አፈር ያላችሁ ደግሞ ከጥቁሩ የተሻለ ስለሚያፈስ የአፈሩን ድርሻ እስከ ሲሶ ማድረስ ትችላላችሁ።

ለአንቺ ግን ወቅቱ ይስማማሻል። አሁን ወደ መካከለኛው ዕቃ የገባ ቲማቲም መጋቢት ላይ ወደ ጄሪካን ይገባል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይደርሳል። የሚያሳስበኝ የሰኔ ዝናብ ነው። ክረምት ላይ ቅጠሉ ሳይደርቅ ሲውል ሲያድር ቡናማና ጥቁር ጠባሳ የሚያወጣ በሽታ ይገባና በሳምንት ውስጥ ተክሉን ያከስመዋል። ሰኔ ሲገባ ጄሪካኖቹን ዝናብ ወደማይመታው ጣሪያ ክፈፍ ሥር አስጠጊያቸው። ስታጠጪም ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አታፍሺ። የታችኞቹን፣ አፈር የሚነኩትን ቅጠሎች ቀንጥሺ።

ፍሬ ሲይዝ የቲማቲሙ ታች ጠቁሮ ቢሰረጉድ ተባይ አይደለም፤ መድኃኒት አትግዢበት። አንድ ቀን ደርቆ፣ በማግስቱ ተጥለቅልቆ ሲከርም ካልሲየም ወደ ፍሬው ስለማይደርስ ነው። አፈሩን በጤፍ ገለባ ሸፍነሽ እርጥበቱን እኩል አቆዪለት። ገለባው ግን ግንዱን አይንካ፤ ሁለት ጣት ክፍተት ተዪ። የታመሙትን ነገ ስታወጪ የሥራቸውን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የትኛው እንደሚተርፍ አብረን እናያለን።